ፎቶን «ጠፋ» ነው «ባከነ» ወይስ «ተበላ»? «ለካ» ላይም ጥያቄ አለኝ

ቃል ለቃሚ፦
ሰላም ቤቶች። የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ትማራለች፣ ኳንተም ላይ ስትደርስ በአማርኛ አስረዳኝ አለችኝና እኔም ጉረኛው ዘው ብዬ ገባሁበት። ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) በፋይበር (ብርሃን በሚያስተላልፍ የመስታወት ክር) ሲሄድ መንገድ ላይ ይጠፋል ብላት «እንደ መብራት ነው የሚጠፋው እንደ በግ?» አትለኝም! ዝም አልኩ። እውነቷን እኮ ነው፣ መብራት ጠፋ ስንል በቃ የለም፣ በግ ጠፋ ስንል ግን በጉ የሆነ ቦታ አለ፣ ያጣነው እኛ ነን። ለፎቶን የቱ ነው? «ባከነ» ልበል? «መለካት»ስ ያስኬዳል?

ሰዋስው ወዳድ፦
«ብክነት» ለኤሌክትሪክ መስመር የተለመደ ነው፣ የኃይል ብክነት ይባላል። ግን ውሃ ይባክናል፣ ጊዜ ይባክናል፣ አንዲት ነጠላ ፍሬ ባከነች ሲባል ለጆሮዬ አይጥመኝም። «ኪሳራ»ን ለነጋዴ ተዉለት። «ጎደለ» አይከፋም፣ መቶ ልከህ አንድ ሲደርስህ 99 ጎደለ ትላለህ፣ በምን እንደሄደ ግን አይነግርህም።

የላብ ሰው፦
መቶ ልከህ አንድ ያልከው በግምት ከሆነ በጣም ነው ያሳቅከኝ፣ ምክንያቱም ጥሩ ፋይበር ላይ 1550 ናኖሜትር ብርሃን በኪሎሜትር 0.2 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል (በየ10 ዴሲቤሉ ወደ አንድ አስረኛ ይወርዳል)፣ 100 ኪሎሜትር ላይ 20 ዴሲቤል ሆነ ማለት ነው፣ ከመቶ አንዱ ብቻ ይደርሳል። የቀረውን መስታወቱ ወይ በትኖታል ወይ መጦታል። ተበትኖ ከፋይበሩ የወጣው እንደ በጉ ነው፣ የሆነ ቦታ አለ። የተመጠጠው እንደ መብራቱ ነው፣ ጉልበቱ ሙቀት ሆኗል፣ ፎቶን የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ሁለቱም ነው በላት። የሚገርመው ደግሞ ተራ ዲቴክተርም (ፎቶን የሚይዝ መሳሪያ) ፎቶኑን የሚያገኘው ውጦት ነው፣ ለካሁት ስትል በልተኸዋል።

አዛውንቱ፦
እኔ ፊዚክስ አላውቅም ልጆች። ግን እኛ አገር ከብት ጠፍቶ ዱካው ሲታጣ «የበላው ጅብ አልጮኸም» እንላለን፣ ለሕዝብ ገንዘብም እንለዋለን። «የውሃ ሽታ ሆነ»ም አለ ግን እሱ በላተኛ የለውም፣ ሄዶ ለቀረ ሰው ነው የሚሆነው።

የላብ ሰው፦
ጋሼ አላውቅም ይበሉ እንጂ ነገሩን እርስዎ ነዎት የያዙት! ዲቴክተሩ ሲይዘውም ፋይበሩ ሲመጠውም ፎቶኑ ተበልቷል። ዲቴክተሩ የሚጮህ ጅብ ነው፣ እኛም ላብ ውስጥ «ክሊክ አደረገ» ነው የምንለው፣ ፋይበሩ ደግሞ በልቶ ዝም የሚል ጅብ ነው። በሂሳቡም ብክነት ማለት አካባቢው ለክቶት እኛ ውጤቱን ያላነበብነው ልኬት ነው፣ ጅቡ ባይጮህም ተደራርቦ የነበረው ሁኔታ (እንዲህም እንዲያም ሆኖ መቆየቱ) ይፈርሳል። ሳይበሉ መለካትም አለ። ፓሪስ ውስጥ እነ ሰርዥ አሮሽ የሚባሉ የፊዚክስ ተመራማሪዎች ኒዮቢየም የሚባል ብረት በተቀቡ ሁለት መስታወቶች መሃል የማይክሮዌቭ ፎቶን ይዘው (በአማካይ 0.13 ሰከንድ ይቆያል)፣ አቶም አንድ በአንድ እያሳለፉ ሳይውጡት አለ የለም ይሉ ነበር። በፈረንጆቹ 2007 አንድ ፎቶን ሲመጣና ሲሄድ አሳዩ፣ 2012 አሮሽ ከዴቪድ ዋይንላንድ ጋር ኖቤል ወሰደ።

ሰዋስው ወዳድ፦
«ለካ» ግን ይከነክነኛል። ጨርቅ ለካ አለ፣ «ለካ እዚህ ነበርክ!» የሚባለውም አለ። ሁለተኛው እኔ ሳላውቅ ነው እንጂ ድሮም እንደዛ ነበር ማለት ነው። ጨርቁም ቢሆን ሜትሩ ሳይመጣ በፊት ርዝመት ነበረው። ኳንተም ላይ ይሄ አይሰራም ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ታዲያ ቃሉ ራሱ አያሳስትም?

የላብ ሰው፦
ያሳስታል! የፊዚክስ ሊቁ ጆን ቤል በ1964 ያሳየው እኮ ይሄንኑ ነው፣ «ለካ ድሮም እንደዛ ነበር» የሚለውንና «እዚህ የተደረገው እዚያ ያለውን በቅጽበት አይነካም» የሚለውን አንድ ላይ ይዘህ የኳንተምን ውጤት ማግኘት አትችልም። በሙከራ አሳይተው ክላውዘር፣ አስፔና ዛይሊንገር 2022 ኖቤል ተሸለሙ። መጥፋትና መለካት የሚጋጩትም እዚሁ ላይ ነው፣ ብዙ ፎቶን ከጠፋ ተጠራጣሪው «የጠፉት ቢደርሱ ውጤቱ ሌላ ይሆን ነበር» ይልሃል፣ አፉን ለማስያዝ ከሦስት ሁለት እጁን በላይ መያዝ አለብህ። በፎቶን ያንን መጀመሪያ ያለፉት 2013 ነው፣ ሌሎቹን የተጠራጣሪ ማምለጫዎች ጨምረው አንድ ላይ የዘጉት ደግሞ ቪየናና ቦልደር (አሜሪካ) ላይ 2015 ነው፣ ከቤል 51 ዓመት በኋላ።

ሰዋስው ወዳድ፦
«ምልከታ» ብንለውስ?

አዛውንቱ፦
ምልከታ ዓይን ላለው ነው። እቃው የት አለው?

የላብ ሰው፦
ልክ ነዎት ጋሼ። «መለካት» ይሁን፣ አንዴ ለምደነዋል።

ቃል ለቃሚ፦
ደወልኩላት። በጉንም መብራቱንም ጅቡንም ነገርኳት፣ ሳቀች ሳቀችና «ታዲያ የማይጮኸው ጅብ ስንት እንደበላ በምን ይታወቃል?» አለችኝ። ኧረ የላብ ሰው ድረስልኝ።

የላብ ሰው፦
ፎቶኖቹን መንታ አድርገን እንሰራቸዋለን። አንዱ እኛ ጋ ዲቴክተር ላይ ሲጮህ ሌላው መላኩን እናውቃለን፣ ወዲያ ማዶ ካልጮኸ ቆጥረን ጎደለ እንላለን። «ጎደለ» ይሻላል ያለው ወንድሜ የዛን ጊዜ ልክ ነው።