ጥቆማ፦ ለቤት ውርስ ኑዛዜ፣ ስጦታ ወይስ ውክልና?

ጥያቄ፦ አባትና እናት በሕይወት አሉ። አዲስ አበባ አያት ሰፈር ነባር ይዞታ (በሊዝ ያልተያዘ ቦታ) ላይ ቤት፣ ኮዬ ፈጬ ደግሞ ኮንዶሚኒየም አላቸው። ልጆቹ ኋላ እንዳይጣሉ ሰነዱ በምን መልክ ይሠራ? ማን ጋ?

መልስ፦ ውክልናውን ከወዲሁ ተውት። ደላላ «መሸጥ መለወጥ የሚል ውክልና ይስጧችሁ፣ አለቀ» ይላል። አላለቀም። ውክልና በመርህ ደረጃ ሰጪው ሲሞት ይቋረጣል፤ ከቀብር በኋላ በዚያ ወረቀት የተፈረመ ሽያጭ ከሌሎቹ ወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ያቆማል። ወላጆች በሕይወት እያሉ ለካርታ ጉዳይ መሯሯጫ ግን ጥሩ ነው።

ስጦታም ለነባር ይዞታ አልመክርም። በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ (721) ነባር ይዞታ ከውርስ ውጭ በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል። ደግሞም ስሙ ከዞረ በኋላ ልጁ ቤቱን ቢያሲዘው ወላጆቹ በእጃቸው ካርታ የላቸውም።

የቀረው ኑዛዜ ነው። ራፖር ጻፊ (በክፍያ ማመልከቻና ሰነድ የሚጽፍ ሰው) ዘንድ ዋጋው ይቀንሳል፤ ብዙ ኑዛዜ የሚወድቀው ግን በአጻጻፍ ሥርዓቱ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 881 አራት ምስክር ይጠይቃል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ ሬጅስትራር (የፍርድ ቤት መዝገብ ሹም) ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃል። ቢሆንም አራቱንም ይዛችሁ ውልና ማስረጃ ሂዱ። ከፊርማው በላይ እንዲህ የሚል መስመር መኖሩን በዓይናችሁ እዩ፦ «ይህ ኑዛዜ ተናዛዡና አራቱ ምስክሮች ባሉበት ተነቦ፣ ሁላችንም ወዲያው ፈርመናል»፤ ከሥሩ ቀን፣ ወር፣ ዓመተ ምሕረት። መነበቡ በጽሑፉ ካልተገለጸ ምስክሮቹ ኋላ ቢምሉም ኑዛዜው ይፈርሳል። ቤቱ የሚደርሰው ልጅ ምስክር አይሁን።

ሌላው ወጥመድ «እኛ ባልና ሚስት ተናዘናል» የሚለው አንድ ወረቀት ነው። ሁለት ሰው በአንድ ሰነድ ከተናዘዘ ኑዛዜው ዋጋ የለውም፤ አባት ለብቻ፣ እናት ለብቻ ያሠሩ። በእጅ የሚጻፍ ኑዛዜም ሕጋዊ ነው፣ ግን ሙሉውን ተናዛዡ በራሱ እጅ ጽፎ ኑዛዜ መሆኑን ይግለጽ፣ እያንዳንዱን ገጽ ይፈርም፣ ቀን ያስፍር። በ7 ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ወይም ሬጅስትራር ዘንድ ካልተቀመጠ ይቀራል።

ተጨማሪ መልስ፦ እናትን አትርሱ። ኑዛዜ ከሌለ የትዳር ጓደኛ በሕጋችን ወራሽ አይደለም። ካርታው በአባት ስም ብቻ ቢሆንም በትዳር የተፈራ ቤት እንደ ጋራ ይገመታል፣ ግማሹ የእናት ነው። የአባት ግማሽ ግን ለልጆች ይሄዳል፣ አንዱ ልጅ «ይካፈል» ካለ እናት የሚኖሩበት ቤት ሐራጅ ሊወጣ ይችላል። መፍትሔው አባት በኑዛዜያቸው የድርሻቸውን የአላባ ጥቅም (በቤቱ የመኖርና የመጠቀም መብት) ለባለቤታቸው እስከ ዕድሜ ልክ መስጠት ነው። ይህን አንቀጽ ራፖር ጻፊ አይጻፈው፣ ለጠበቃ የምትከፍሉት እዚህ ላይ ይሁን። አንዱን ልጅ ስሙን ሳይጠሩ ማለፍም ከውርስ መንቀል አይደለም፤ መንቀል በግልጽ ተጽፎ፣ ምክንያቱም ይጠቀስ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ጠበቃ ከመያዛችሁ በፊት ካርታውን ተመልከቱ። በሟች አያት ስም ከሆነ መጀመሪያ የአያት ውርስ ይጣራ። ከገበሬ በውል የተገዛ ቦታ ከሆነ መሬት ስለማይሸጥ ኑዛዜው የሌለ መብት አያስተላልፍም፤ ገንዘቡን ሕጋዊነት ላይ አውሉት። ቤቱ ከአዲስ አበባ ወሰን ማዶ፣ ሸገር ከተማ ከገባ ደግሞ ፋይሉ ኦሮሚያ ነው፣ የፍርድ ቤቱም ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ጠበቃውን ከዚያው ምረጡ። ለኮንዶሚኒየሙ ከኑዛዜው ጋር የባንኩን የብድር ውልና የመጨረሻውን የክፍያ ደረሰኝ አያይዙ፣ ያልተከፈለው ዕዳ ከቤቱ ጋር ይወረሳልና።