«የቴክኖሎጂ ሽግግር» ሲባል የሚሸጋገረው ምንድን ነው?

ተመራቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ በአረንጓዴ ኢንዱስትሪ ላይ ነው። ያነበብኩት ሰነድ ሁሉ «ዓለም አቀፍ ትብብር»፣ «የቴክኖሎጂ ሽግግር» ይላል። ፋብሪካው በር ላይ ሲደርስ ግን ምን ይመስላል? ማሽን ነው? ገንዘብ ነው? ሲሚንቶ ወይም ብረት ላይ የሠራችሁ እስቲ ንገሩኝ።

የምድጃው ሰው፦
እህቴ፣ ሲሚንቶ ምድጃ ላይ 19 ዓመት ሠርቻለሁ። የማውቀውን ልንገርሽ።

አንድ ጊዜ በእርዳታ የጭስ መለኪያ መጣልን። ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሳን። ሥልጠናው ሦስት ቀን ነበር። ዓመት ሳይሞላው ሴንሰሩ ተበላሸ። መለዋወጫው ያለው አንድ አቅራቢ ጋ ብቻ ነው፤ መመሪያው ደግሞ ማናችንም በማናነበው ቋንቋ የተጻፈ። መለኪያው አቧራ ሲጠጣ ከረመ። ዕቃው መጣ፣ ዕውቀቱ እዚያው ቀረ።

አሁን ደስ ወደሚለኝ ልምጣ። ብዙ ሰው የሲሚንቶ ጥፋት ከነዳጁ ብቻ ይመስለዋል። ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ 60 በመቶ ያህሉ ግን የሚወጣው ከኖራ ድንጋዩ ከራሱ ነው። ምድጃውን በፀሐይ ብታሞቂውም ያ አይቀርልሽም። ስለዚህ ክሊንከሩን፣ ማለትም የኖራ ድንጋዩ ምድጃ ውስጥ ተቃጥሎ የሚወጣውን የሲሚንቶ ዋና ግብዓት፣ መቀነስ ነው። «ኤልሲ3» የሚባለውን የሲሚንቶ ዓይነት ፈልጊ፦ ግማሹ ክሊንከር፣ 30 በመቶው የተቃጠለ ሸክላ አፈር፣ 15 በመቶው ያልተቃጠለ የኖራ ድንጋይ፣ የቀረው ጂፕሰም። ክሊንከር 1,450 ዲግሪ ይፈልጋል፤ አፈሩን 800 አካባቢ ይበቃዋል። ካርቦኑ እስከ 40 በመቶ ይቀንሳል። ይሄንን የስዊዘርላንድ፣ የኩባና የህንድ ተመራማሪዎች አብረው ነው የሠሩት፤ በፋብሪካ ደረጃ መጀመሪያ የተሞከረውም ኩባ ውስጥ ነው። ሽግግር ካልሽኝ እንዲህ ያለው ነው፤ የሚሸጋገረው ሙያው ነው።

ላኪና አስመጪ፦
ጥሩ ብለዋል፤ ግን የአውሮፓ ህብረትስ? ከ2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሚንቶ፣ ብረት፣ አሉሚኒየም፣ ማዳበሪያ ሲገባለት የካርቦን ዋጋ ያስከፍላል። ይሄ ትብብር ነው ወይስ ኬላ?

የምድጃው ሰው፦
ኬላ ነው፤ አልዋሽም። ግን ያንን መለኪያ አስታውሱ። የራሱን ልቀት ለክቶ ማሳየት ያልቻለ ፋብሪካ በተገመተለት ቁጥር ይሰላበታል፤ ግምቱ ደግሞ የሚያደላለት አይደለም። አንድ የሞተ ሴንሰር ገበያ ያሳጣል ማለት ነው።

ወጪውን መጋራት እንደሚቻል የኦዞን ጉዳይ አሳይቶናል። የኦዞን ንጣፍን የሚጎዱ ጋዞችን ለማስቀረት የሞንትሪያል ስምምነት በ1987 እ.ኤ.አ. ተፈረመ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ፈንድ ተቋቋመለት፤ በማደግ ላይ ያሉ አገሮች የማቀዝቀዣ ጋዝ ሲቀይሩ የሚመጣባቸውን ተጨማሪ ወጪ ይሸፍናል። ሲሚንቶ እንዲህ ዓይነት ወዳጅ አላገኘም።

ተመራቂዋ፦
በጣም አመሰግናለሁ። መለኪያው ግን ተጠገነ?

የምድጃው ሰው፦
ተጠግኗል። የኤሌክትሪክ ክፍላችን አንድ ልጅ ሌሊት ሌሊት ኢንተርኔት ላይ ሲያጠና ቆይቶ አስነሣው። ልጁ አሁን ሌላ ፋብሪካ ተቀጥሮ ሄዷል።