ፖሊፕሮፒሊን ውስጥ አልፋው ለምን አልጠፋ አለ?

ሰላም ወገኖች፣ በቤታ ክሪስታል ላይ የሠራችሁ እባካችሁ እርዱኝ (አልፋና ቤታ ይህ ፕላስቲክ ሲጠነክር የሚይዛቸው ሁለት የክሪስታል ዓይነቶች ናቸው፤ እኔ የምፈልገው ቤታውን ነው)። አይሶታክቲክ (የጎን ቡድኖቹ በሰንሰለቱ አንድ ወገን የተደረደሩ) ፖሊፕሮፒሊን ላይ በክብደት 0.1% ካልሲየም ፒሜሌት፣ ቤታን የሚያስጀምር ዱቄት፣ ጨምሬ በ200 ዲግሪ ሴልሺየስ ቀላቅያለሁ። በ220 ዲግሪ ለ5 ደቂቃ አቅልጬ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሉህ ጨመቅሁ፤ ከዚያ ወደ 130 ዲግሪው መጭመቂያ አዛውሬ 1 ሰዓት አቆየሁት።

በኤክስሬይ ሲታይ የቤታው ጫፍ 16.1 ዲግሪ (የጨረሩ መታጠፊያ ማዕዘን፣ 2θ) ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ግን የአልፋዎቹ ሦስቱም፣ 14.1፣ 16.9 እና 18.6፣ አሉ፤ የቤታው ድርሻ 0.55 ብቻ ነው። ዲ.ኤስ.ሲ. (ናሙናው ሲሞቅ የሚቀልጥበትን ሙቀት የሚያሳይ መሣሪያ) ላይ ደግሞ 150 (የቤታው) እና 166 (የአልፋው) ዲግሪ አካባቢ ሁለት ጫፍ ይወጣል። ሁለተኛውን ብቻውን አላምነውም፤ ቤታ ከ100 ዲግሪ በታች ከቀዘቀዘ በኋላ እንደገና ሲሞቅ ወደ አልፋ ይለወጣልና። ያንኑ ናሙና እዚያው መሣሪያ ውስጥ አቅልጬ በ130 ካጠነከርሁት በኋላ ሳላቀዘቅዝ ሳሞቀው የ150ው ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ዱቄቱ ይሠራል፤ ጥፋቱ ከመጭመቂያው ይመስለኛል።

ስስ ቅጠል ቆርጬ በፖላራይዝድ ማይክሮስኮፕ ሳየው መሃሉ በደማቅ የቤታ ስፌሩላይት (ክብ የክሪስታል ክምችት) ተሞልቷል፣ ጠርዙ ላይ ግን ደብዛዛ ሽፋን አለ። በዝውውሩ ወቅት የሉሁ ቆዳ ከ100 በታች ወርዶ በአልፋ ጠንክሮ ይሆን? ወይስ የጭመቃው ፍሰት ሰንሰለቶቹን አሰልፎ አልፋ አስጀመረ? ሁለቱን እንዴት ልለያቸው? የቤታውን ድርሻስ ከሉሁ ላይ ልለካ ወይስ ፈጭቼ? መፍጨቱ ራሱ ቤታውን ወደ አልፋ እንዳይለውጥብኝ እሰጋለሁ።