ገና በ41 ዓመቴ ማረጥ እየጀመረኝ ይሆን?

እህቶቼ፣ ያለፈባችሁ ካላችሁ ምከሩኝ። ከስምንት ወር ወዲህ የወር አበባዬ አንዴ በ22፣ አንዴ በ50 ቀን ይመጣል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንገቴ ሥር እሳት የተለኮሰ ይመስል ይነደኛል፤ ትራሱን ገልብጬ በቀዝቃዛው በኩል ብተኛም ወዲያው በላብ ይረጥባል። በትንሽ በትልቁ ማልቀሴንማ ተዉት።

ሐኪሙ ማረጥ ሲመጣ የሚጨምረውን፣ ኤፍኤስኤች የሚባለውን ሆርሞን አንዴ ለክቶ «ኖርማል ነው፣ ጭንቀት ነው» ብሎ ሸኘኝ። ሆርሞኑ በዚህ ጊዜ ከፍ ዝቅ ስለሚል አንድ ውጤት ብቻውን ምን ያረጋግጣል? የታይሮይድና የደም ማነስ ምርመራም አላዘዘልኝም። እናቴ በ43 ዓመቷ ነው ያረጠችው ብዬ ብነግረውም ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

አሁን የማህፀን ሐኪም ጋ ልሂድ ወይስ የሆርሞን? ምን ምን ምርመራ ልጠይቅ? ማይግሬን ስላለብኝ የሆርሞን ሕክምናውን ፈርቼዋለሁ፤ ቆዳ ላይ የሚለጠፈውን የሞከራችሁ አላችሁ?