በድራይቨር (በረጅሙ የጎልፍ ዱላ) ስመታ ኳሷ ወደ ቀኝ ትታጠፍብኛለች፤ ጎልፍ የምታውቁ እስቲ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። የምጫወተው በቀኝ ነው፤ የምለማመደው እዚህ ቨርጂኒያ ነው። አጠር ባለው ዱላ፣ በ7 አይረን፣ ደህና ነኝ። ድራይቨር ስይዝ ግን ኳሷ ቀጥ ብላ ትነሳና መሀል ላይ ወደ ቀኝ ትታጠፋለች። ያው ስላይስ የሚሉት ነው።

ስትነሳ ቀጥ ያለች ስለሆነች የክለቡ (የዱላው) ፊት ብዙም ችግር ያለበት አይመስለኝም። ኳስ በአብዛኛው የምትነሳው ፊቱ ወዳየበት ነዋ። የሚያጥፋት የክለቡ መንገድ ነው፤ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ወደ ራሴ፣ እየቆረጥኩ ነው ማለት ነው።

አቋሜን ልንገራችሁ። ኳሷን የማስቀምጠው በግራ ተረከዜ ትይዩ ነው። ግማሿ ከድራይቨሩ አናት በላይ እንድትታይ ቲውን (ኳሷ የምትቀመጥበትን ትንሽ ችንካር) ከፍ አደርጋለሁ። እግሬን ከትከሻዬ ትንሽ ሰፋ አድርጌ እቆማለሁ። ግራ እጄን ቁልቁል ሳየው ሁለት የጣት አንጓዎች ይታዩኛል። መሬት ላይ ዘንግ አጋድሜ እግሬን ከዒላማው መስመር ጋር አስተካክያለሁ። ትከሻዬን ግን ራሴ ማየት አልቻልኩም። ኳሷ ወደ ግራ ስለተጠጋች ትከሻዬም አብሮ ወደ ግራ እየዞረ ይሆን?

አንዱ "እጅህን መያዣው ላይ ወደ ቀኝ አዙረህ ያዝ" ይለኛል። ሌላው "ዳሌህን አስቀድም" ይላል። መለማመጃ ሜዳ ላይ መቼም ሁሉም አሰልጣኝ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ስሞክር ጭራሽ ባሰብኝ።

መጀመሪያ የቱን ልንካ? ትከሻዬን ብቻዬን የማረጋግጥበት መንገድስ አለ? የአሰልጣኝ ዋጋ አይቀመስም፤ ቪዲዮ ልቅረጽ ብል ስልኩን ከኋላዬ ላቁመው ወይስ ከፊት ለፊቴ?