ጥቆማ፦ ጣት በጥልቀት ተቆርጦ ጅማት ሲጠረጠር የት መታከም፣ ምንስ መግዛት ይሻላል?

ጣቱን በስለት ወይም በተሰበረ ብርጭቆ በጥልቀት የቆረጠ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ ብሎ የሚጠይቀው የትኛው ቅባትና የትኛው ፋሻ እንደሚሻለው ነው። እኔም የግራ እጄን ጠቋሚ ጣት ብርጭቆ በቆረጠኝ ዕለት ያሳሰበኝ ይኸው ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ልዩ ልዩ የሕክምና ቦታዎችንና ዕቃዎችን ለማየት ተገድጃለሁ። ስለዚህ ተመሳሳይ ጉዳት ለደረሰባችሁ ሁሉ የማቀርበው የመጀመሪያ ጥቆማ ስለ ዕቃ ሳይሆን ስለ ሰው ነው፤ ቁስሉ ከመሰፋቱ በፊት ጅማቱን አንድ በአንድ የሚፈትሽ ባለሙያ ዘንድ ድረሱ።

ቁስሌ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙም የማይበልጥ፣ ጠርዙም የጠራ ነበር፤ ደሙ በንጹሕ ጨርቅ ሩብ ሰዓት ያህል ሳልለቅ ጫን ብዬ ስይዘው ቆመ። በቅርብ ባገኘሁት ክሊኒክ በአራት ስፌት ተዘጋልኝ፤ ጣቴን አጥፌ እንዳሳይ ግን ማንም አልጠየቀኝም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የሸሚዜን ቁልፍ ልቆልፍ ስል የጣቴ መካከለኛ መገጣጠሚያ እንደ ወትሮው ሲታጠፍ ጫፉ ቀጥ ብሎ ቀረ። አላመመኝም፤ ብቻ ባዝዘው እንቢ አለኝ። በስድስተኛው ቀን ጅማቱ በቀዶ ሕክምና ተሰፋ።

ከውጭ ሲታይ ትንሽ የሆነ ቁስል ይህን ያህል ሊሸሽግ የሚችለው በጣት አሠራር ምክንያት ነው። ከአውራ ጣት በስተቀር እያንዳንዱ ጣት በመዳፍ በኩል ሁለት አጣፊ ጅማቶች አሉት፤ አንደኛው እስከ ጫፉ አጥንት ሲዘልቅ ሌላው በመካከለኛው አጥንት ላይ ያበቃል። አንዱ ተቆርጦ ሌላው ከተረፈ ጣቱ በከፊል ስለሚታጠፍ ተጎጂውም መርማሪውም «ይንቀሳቀሳል» ብለው ሊያልፉት ይችላሉ። ትክክለኛው ምርመራ መካከለኛውን አንጓ ቀጥ አድርጎ ይዞ ጫፉን ብቻ ማሳጠፍ፣ ቀጥሎም ሌሎቹን ጣቶች ዘርግቶ ይዞ የተጎዳውን ጣት ከመካከለኛው መገጣጠሚያ ማሳጠፍ ነው። ቁስሉ በአይበሉባ በኩል ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ መዘርጋት መቻሉ ይታያል። እጁ ዘና ብሎ መዳፉ ወደ ላይ ሲቀመጥ ጣቶች ከጠቋሚ ወደ ትንሽ ጣት እየጨመሩ በመጠኑ ይታጠፋሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ብቻውን ቀጥ ብሎ ከተኛ አጣፊ ጅማቱ መቆረጡ በብርቱ ይጠረጠራል። በከፊል የተቆረጠ ጅማት ግን ጣቱን ያንቀሳቅሳል፤ የሚገለጠው ባለሙያው ቀለል ያለ ተቃውሞ ሲሰጠው በሚሰማ ሕመም ወይም ድካም ነው። ይህን የመጨረሻውን ቤት ውስጥ በራሳችሁ እንዳትሞክሩት አደራ እላለሁ፤ በከፊል የያዘው ጅማት ጨርሶ ሊበጠስ ይችላል። በጣቱ ግራና ቀኝ የሚያልፉት ነርቮችም መፈተሽ ያለባቸው ማደንዘዣ ከመወጋቱ በፊት ነው፤ ከተወጋ በኋላ የሚደረግ የስሜት ምርመራ ምንም አይነግርም።

አሁን ወደ ሕክምና ቦታዎቹ ንጽጽር ልግባ። በቅርብ ያለ ትንሽ ክሊኒክ ቁስሉን በብዙ ንጹሕ ውሃ ለማጠብ፣ የቴታነስ ክትባት ለመስጠትና ቆዳውን ለመዝጋት በቂ ነው። ለጥልቅ ወይም ለቆሸሸ ቁስል የመጨረሻው ክትባት ከ5 ዓመት በላይ ከሆነው፣ ንጹሕና ቀላል ለሆነው ደግሞ ከ10 ዓመት በላይ ከሆነው ማጠናከሪያው እንደገና ይሰጣል። ጅማት እንደተቆረጠ የጠረጠረ ክሊኒክ አጥቦ፣ ቆዳውን ዘግቶ፣ እጁን ደግፎ በዚያው ዕለት ወደ በላይ ሐኪም ቢልክ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል፤ ጅማቱ በዚያች ሌሊት ካልተሰፋ ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። የተቆረጠ አጣፊ ጅማት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢሰፋ ይመረጣል፤ እስከ ሁለት ሳምንት ገደማም በአብዛኛው በቀጥታ ሊገጠም ይችላል። ከዚያ ካለፈ ግን ጫፉ ወደ መዳፍ እየሸሸና የሚያልፍበት ቦይ እየጠበበ ስለሚሄድ ከሌላ የሰውነት ክፍል በሚወሰድ ጅማት መተካት ሊያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ «ስፌቱ ሲፈታ እናየዋለን» የሚል መልስ ከተሰጣችሁ አትቀበሉት፤ የእጅ ስፌት የሚፈታው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ስለሆነ መልካሙ ጊዜ በከንቱ ያልፋል።

የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ብልጫው ራጅ ማንሳት መቻሉ ነው፤ በውስጥ የቀረ የብርጭቆ ስባሪና የአጥንት ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ በራጅ ይታያል። ምርመራው አጠራጣሪ ከሆነ አልትራሳውንድም ይረዳል። ማደንዘዣ ተሰጥቶ ቁስሉ ሲከፈት ለሐኪሙ ልትነግሩት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ሲቆርጣችሁ ጣታችሁ ታጥፎ ነበር ወይስ ተዘርግቶ? ዕቃ ጨብጣችሁ ሳለ ከቆረጣችሁ ጣቱ ሲዘረጋ የጅማቱ ቁርጥ ከቆዳው ቁርጥ አልፎ ወደ ጫፉ በኩል ይሄዳል፤ በቁስሉ አፍ የሚታየው ጤነኛው የጅማት ክፍል ብቻ ይሆናል። ጣቱ እየታጠፈና እየተዘረጋ ካልታየ የተቆረጠ ጅማት «ደህና ነው» ተብሎ ሊሰፋበት ይችላል። እኔ ይህን የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

አጠቃላይ ቀዶ ሐኪም፣ የአጥንት ሐኪም ወይስ የእጅ ቀዶ ሐኪም ለሚለው ጥያቄ መልሱ በቁስሉ ቦታ ይወሰናል። በአይበሉባ በኩል የተቆረጠ ዘርጊ ጅማት ልምድ ባለው የድንገተኛ ወይም የአጥንት ሐኪም በደንብ ሊሰፋ ይችላል። በመዳፍ በኩል ለጣቶቹ ከሚቀርበው የመዳፍ መስመር እስከ ጣቱ መካከለኛ አጥንት ያለው ክፍል ግን ሌላ ነው፤ ሁለቱ ጅማቶች እዚያ በአንድ ጠባብ ቦይ ተደራርበው ያልፋሉ፣ ትንሽ ጠባሳም ያጣብቃቸዋል። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ስተርሊንግ በነል ይህን ክፍል «የማንም ያልሆነ ምድር» ይለው ነበር፤ እስከ ጎርጎሮሳውያኑ 1960ዎቹ ድረስም ብዙ ሐኪሞች እዚያ የተቆረጠን ጅማት ወዲያው ከመስፋት ይቆጠቡ ነበር። ቁስላችሁ በዚህ ክፍል ከሆነ አንድ ሁለት ቀን መጠበቅና ራቅ ብሎ መሄድ ቢጠይቅም እንኳ የእጅ ቀዶ ሕክምና የዘወትር ሥራው የሆነ ሐኪም እንድትፈልጉ በጽኑ እመክራለሁ።

ከቀዶው በፊት ለሐኪሙ ሁለት ጥያቄ አቅርቡ። አንደኛው የተቆረጡትን ጫፎች ስንት የክር መስመር እንደሚያገናኛቸው ነው፤ አራትና ከዚያ በላይ መስመር ያለው ስፌት ጣቱን በጊዜ በራሱ ኃይል ለማንቀሳቀስ ያስችላል። ሁለተኛው ከቀዶው በኋላ የእጅ ፊዚዮቴራፒውን ማን እንደሚሠራ ነው፤ በእኔ ግምት ይህኛው ይበልጣል። ታካሚው ሳይተኛ ቦታው ብቻ ደንዝዞ የሚደረግ ቀዶ በአካባቢያችሁ ካለ እሱን አስቀድሙ። ሐኪሙ ቆዳውን ከመዝጋቱ በፊት ጣታችሁን እንድታጥፉ አድርጎ ስፌቱ መከፈት አለመከፈቱን፣ ቦዩ ውስጥ መሰንከል አለመሰንከሉን በዓይኑ ያያል።

ፊዚዮቴራፒ አብዛኛውን ጊዜ ከቀዶው በኋላ ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ይጀመራል። በእጅ ላይ የሠለጠነ ባለሙያ የቀዶውን ዘገባ አንብቦ በሌላው እጅ ብቻ የሚታጠፍበትን ወይም በራስ ኃይል በቀስታ የሚታጠፍበትን ፕሮግራም ይመርጣል፤ ለሕፃናትና መመሪያውን ለመከተል ለሚቸገሩ ደግሞ ጣቱን ጨርሶ አለማንቀሳቀስ ሊመረጥ ይችላል። የምታገኙት አጠቃላይ ፊዚዮቴራፒስት ብቻ ከሆነ ቀዶ ሐኪሙ በየሳምንቱ የሚፈቀደውንና የሚከለከለውን በወረቀት ጽፎ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ያንን ወረቀት ይዞ የሚሠራ ትጉህ ባለሙያ፣ ወረቀት ሳይኖረው «ትንሽ ያምማል፣ ቻሉት» እያለ ጣት ከሚጎትት ባለ ዝና ይሻላል።

ከዕቃዎቹ ሁሉ አስቀድሜ የማነሣው መደገፊያውን፣ ማለትም ስፕሊንቱን ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኘው ስፖንጅ የተለጠፈበት የአሉሚኒየም ዘንግ ጣትን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፤ ይህ ለዘርጊ ጅማት የሚስማማ ሲሆን ለተሰፋ አጣፊ ጅማት ግን ስፌቱን እየጎተተ ይጎዳል። የእጅ አንጓን ወደ ኋላ ቀልብሶ የሚይዘው ዝግጁ መደገፊያም ለአጣፊ ጅማት አይሆንም። ለእሱ የሚመከረው በሙቅ ውሃ ለስልሶ በእጅ ጀርባ ላይ የሚቀረጽ ቴርሞፕላስቲክ ነው። የእጅ አንጓውን ቀጥ አድርጎ ወይም በመጠኑ አጥፎ፣ የጣቶቹን መነሻ መገጣጠሚያ ጎበጥ አድርጎ ስለሚይዝ ጣቱ ወደ መዳፍ ይታጠፋል፤ ከተወሰነለት አልፎ ግን አይዘረጋም። ቀንም ሌሊትም 6 ሳምንት ያህል ይደረጋል። የእኔ በመጀመሪያው ሳምንት አውራ ጣቴ ሥር እየፈገፈገ ቆዳዬን አቀላው፤ ባለሙያዋ ጠርዙን አሙቃ በጣቷ ጫፍ ወደ ውጭ ገልበጥ አደረገችውና በዚያው ተገላገልኩ። ተገዝቶ የመጣ ዝግጁ መደገፊያ እንዲህ አይስተካከልም።

የጣቱ ጫፍ ወደ ታች ያዘነበለበት የዘርጊ ጅማት ጉዳት ከሆነ ጫፉን ብቻ የሚሸፍን ትንሽ የፕላስቲክ ቆብ ይበቃል። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ጫፉ አንድ ጊዜም ሳያዘነብል መቆየት አለበት፤ ካዘነበለ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀመራል። ለማጠብ ስታወልቁት ጣቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ አስደግፉት።

ስለ ቁስል መሸፈኛ የምለው አጭር ነው። ደረቅ ጎዝ ከቁስሉ ጋር ስለሚጣበቅ በፓራፊን የተነከረው ይሻላል። በንጹሕ የተሰፋ ቁስል ላይ ተራ ቫዝሊን የአንቲባዮቲክ ቅባትን ያህል ይሠራል፣ ቆዳን የማስቆጣት ዕድሉም አነስተኛ ነው። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በጥልቅ ቁስል ውስጥ አታፍስሱ፤ ሕብረ ሕዋሱን ይጎዳሉ። በራሱ ላይ የሚጣበቅ ላስቲክ ፋሻ ለእብጠት እጅግ ጠቃሚ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ከጫፍ ወደ ሥር ሳይወጠር ይጠቀለላል። ከጠቀለላችሁ በኋላ ጥፍሩን ተጭናችሁ ስትለቁት መልኩ በ2 ሰከንድ ገደማ ካልተመለሰ ጠብቋልና ፍቱት።

ከሁሉም በላይ ጊዜው ሳይደርስ እንዳትነኩት የማስጠነቅቀው ዕቃ የሚጨመቅ የጎማ ኳስ ነው። አንድ ዘመዴ በቅንነት ገዝቶልኝ በሁለተኛው ሳምንት ይዞልኝ መጣ፤ የተሰፋ ጅማት ደግሞ እጅግ ደካማ የሚሆነው በዚያው ሰሞን፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ነው። አመስግኜ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ያወጣሁት በዘጠነኛው ሳምንት ፊዚዮቴራፒስቷ ስትፈቅድልኝ ነው። የማጠንከሪያ ልምምድ ወደ 8ኛው ሳምንት፣ ከባድ ነገር ማንሣት ወደ 12ኛው ሳምንት የሚፈቀደው በከንቱ አይደለም። ጣቱ ውስጥ ድንገት «ጧ» የሚል ስሜት ተሰምቶ መታጠፍ ካቆመ እጁን በመደገፊያው እንደያዛችሁ በዚያው ዕለት ለቀዶ ሐኪሙ ደውሉ። ጣቱ ዙሪያውን አብጦ፣ ከፊል ታጥፎ ከቀረ፣ በመዳፍ በኩል በሙሉ ርዝመቱ ሲነካ ካመመና ቀስ ብሎ ሲዘረጋ ሕመሙ ከበረታ ኢንፌክሽን ወደ ጅማቱ ቦይ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ሰዓት ሳትቆጥሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ለጠባሳው ከቅባት ይልቅ በልጣፍ ወይም በጄል መልክ የሚገኘውን ሲሊኮን እመርጣለሁ፤ ቁስሉ ጨርሶ ከተዘጋ በኋላ በቀን 12 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለ2 ወይም ለ3 ወር ይደረጋል። በመገጣጠሚያ ላይ ልጣፉ ስለሚነሣ ቀን ጄሉን፣ ሌሊት ልጣፉን መጠቀም ለእኔ ተስማምቶኛል። ስፌቱ ከተፈታና ቆዳው ከጠነከረ በኋላ በባለሙያ ፈቃድ በአውራ ጣት ክብ እየሠሩ ማሸትም ጠባሳው ከጅማቱ ጋር እንዳይጣበቅ ይረዳል። ነርቭም አብሮ ተቆርጦ ከተሰፋ ስሜቱ የሚመለሰው በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ እስከዚያ ድረስ ሙቀትን በዚያ ጣት አትፈትኑ።

ከሦስት ወር በኋላ ጣቱን በሌላው እጃችሁ ስታጥፉት እስከ መዳፍ የሚደርስ፣ በራሱ ሲታጠፍ ግን ከመንገድ የሚቀር ከሆነ ጅማቱ ከጠባሳ ጋር ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ፊዚዮቴራፒስታችሁ ሁለቱንም መታጠፎች በዲግሪ እየለካ እንዲመዘግብላችሁ ከመጀመሪያው ቀን ጠይቁ፤ ቀዶ ሐኪሙ ማላቀቂያ ቀዶ ያስፈልግ ወይም አያስፈልግ እንደሆነ የሚወስነው ያንን መዝገብ አይቶ ነው።