ምርጫ የተሸነፈ ፓርቲ መሪ ሥራው ምንድን ነው?

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ከዚራ አንዲት ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ቴሌቪዥኑ የእንግሊዝን ፓርላማ ያሳያል። የተቃዋሚዎቹ መሪ ተነስታ ጠቅላይ ሚኒስትሩን በጥያቄ ታጣድፈዋለች። አጠገቤ የነበሩ አባት ብርጭቋቸውን አስቀመጡና "የእሷ ፓርቲ ተሸንፎ የለ እንዴ? ምን አገባት?" አሉኝ። መልስ አጣሁ። እውነት ሥራዋ ምንድን ነው? ደመወዝስ አላት?

ሳቢያን፦
አላት እንጂ! እንግሊዞች ከ1937 ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ለተቃዋሚ መሪ ከመንግሥት ካዝና ይከፍላሉ። ያየሃት ሥራዋ ላይ ነው። ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ ረቡዕ ረቡዕ ጠቅላይ ሚኒስትሩን 6 ጥያቄ ትጠይቃለች። ከኋላዋ ደግሞ ጥላ ካቢኔ የሚሉት አለ፤ አንዱ የጤናውን ሚኒስትር ይከታተላል፣ አንዱ የገንዘቡን፣ ነገ መንግሥት ቢቀየር ወንበሩን የሚረከብ ሰው እንዲኖር። የመንግሥትን ወጪ የሚመረምረውን ኮሚቴም የሚመራው ከተቃዋሚ ወገን ነው። እኛ ዕድር ውስጥ አንድ አባት አሉ። ድንኳን ተገዛ ሲባል "ደረሰኙስ?" ይላሉ። ስብሰባ አስረዘሙ ብለን ስንቴ ተነጫነጭን! አምና ግን የሁለት ዕቃ ደረሰኝ ጠፍቶ ገንዘቡ የተመለሰው እሳቸው አልለቅም ስላሉ ነው። ለእኔ ተቃዋሚ መሪ ማለት እንደሳቸው ያለ ሰው ነው።

ጀጎል፦
አቦ ምሳሌህ ደስ ይላል፤ ግን እኚያ አባት ስብሰባው ላይ ባይኖሩስ? የእኛ ምክር ቤት 547 ወንበር አለው። በ2002 ምርጫ ከተቃዋሚ ፓርቲ የገባው 1 ሰው ብቻ ነበር። በ2007 ደግሞ አንድም። በ2013 ጥቂቶች ገቡ፣ ስማቸውም "ተፎካካሪ" ሆነ፣ የኢዜማ መሪ ግን የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። አብሮ መሥራቱን አልጠላሁም። የሚያሳስበኝ ካቢኔ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ካቢኔውን ማን ፊት አቁሞ ይጠይቃል የሚለው ነው። ሕንድ እንኳን በፈረንጆቹ ከ2014 እስከ 2024 ድረስ በታችኛው ምክር ቤት በይፋ የታወቀ የተቃዋሚ መሪ አልነበራትም፤ ከወንበሩ አንድ አሥረኛ ያገኘ ተቃዋሚ ፓርቲ ስላልነበረ።

የከዚራ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁለታችሁም። ደመወዙን ስነግራቸው አባታችን እንዴት እንደሚገረሙ አያለሁ። ሳቢያን፣ 6 ጥያቄ ነው ያልከው አይደል?